23 ኪሎው የማን ነው?



በዚህ ወር የቤተሰብ ገጻችን የምናነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችን ቤት እንግዳ አይደለም። ልጅ ለትምህርት፣ እህት ወደ ባለቤቷ፣ ወንድም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱበት ቀን ሲቃረብ ሳሎናችን መሐል ስለሚከፈተው ሻንጣ እንነጋገራለን።

«ስለ ሻንጣ ደግሞ ምን የሚወራ አለ?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ይሁን እንጂ ወደ ሩቅ አገር የሚበሩ መንገደኞች ጓዛቸውን በሚያስመዝኑበት ሰዓት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኝቶ የታዘበ ሰው ነገሩን እንዲህ አቅልሎ አያየውም። ሚዛኑ 23 የሚለውን ቁጥር አልፎ 27 ወይም 29 ያሳያል። ሠራተኛዋ «ወይ ይቀንሱ፣ ወይ ይክፈሉ» ትላለች። ሸኚው ቤተሰብ ደጅ ቀርቷል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይጠብቃል። መንገደኛው መሬት ላይ ተንበርክኮ ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሽገው ያደረውን ሻንጣ በሰው ፊት ይዘረግፋል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ከዚያ ሻንጣ የሚወጣው የማን ዕቃ ነው? የአክስት በርበሬ አደራ ስለሆነ አይወጣም። የጎረቤት ቡናም አደራ ነው፤ እሱም አይወጣም። የአባቱ ወዳጅ ለልጃቸው ያደረሱት የታሸገ ጥቅልም እንዲሁ። የሚወጣው እናቱ ያሠራችለት ጋቢ፣ የራሱ ጫማ፣ የሚማርበት መጽሐፍ ነው። በሄደበት አገር ብርድ ሲመታው የሚለብሰውን ትቶ፣ የሌላ ሰው ሽሮ ተሸክሞ ይሄዳል። ይህን ያደረገው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። እኛም የዛሬውን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ይህ ይሉኝታ ከመንገዱ በፊት በቤት ውስጥ መፍትሔ ሊያገኝ ይገባል ብለን ስለምናምን ነው።

ትኬቱ ምን ይላል?

የሻንጣ ገደብ የሚነገረን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቁራጭ የሚቆጠር ነው። ትኬቱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ተጽፎ አጠገቡ «ፒሲ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ፣ የተፈቀደላችሁ ያን ያህል ሻንጣ ነው ማለት ነው። በተራው መቀመጫ ለሚጓዝ ሰው የአንዱ ሻንጣ ክብደት በብዙ አየር መንገዶች 23 ኪሎ ነው። ሁለተኛው በጠቅላላ ክብደት የሚቆጠር ነው። 30 ኪሎ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሻንጣው አንድም ይሁን ሁለት ድምሩ ከዚያ እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የተፈቀደለት ሰው በአንዱ 28፣ በሌላው 18 ኪሎ ቢጭን ድምሩ ያው 46 ነው። ነገር ግን 28 ኪሎ የሆነው ሻንጣ ትርፍ አለበት ተብሎ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ ሻንጣዎቹን ማመጣጠን ያስፈልጋል። ከክብደቱ ሌላ መጠንም አለ። የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ158 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።

«ለትርፉ እከፍላለሁ» የሚልም ቢሆን ሌላ አጥር ይጠብቀዋል። ብዙ አየር መንገዶች ከ32 ኪሎ በላይ የሆነን አንድ ሻንጣ ገንዘብ ቢከፈልበትም አይቀበሉም። ምክንያቱ አውሮፕላኑ አይደለም፤ ሻንጣውን በጀርባው አጎንብሶ የሚያነሣውና የሚያወርደው ሠራተኛ ነው። በቀን በመቶ የሚቆጠር ሻንጣ የሚያነሣ ሰው ወገቡ እንዳይጎዳ የተበጀ ገደብ ነው። 40 ኪሎ በአንድ ከረጢት ጠቅጥቆ «ያነሡታል፤ ሥራቸው ነው» ማለት እንግዲህ ለሰው ልጅ አለማዘን ነው።

ጠቅላላው ክብደት የሚገደብበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። አውሮፕላን ሲነሣ ሊሸከም የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው። ነዳጁ፣ ሰዉና ጓዙ ሁሉ በዚያ ውስጥ ይታሰባሉ። በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሣበት ኃይልም፣ የሞተሩ ጉልበትም ይቀንሳል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሳያርፍ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ወደዚያ ሲሄድ ግን ለዓመታት ደብሊን ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የቆየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ሰው 5 ኪሎ ትርፍ ኢምንት ሊመስል ይችላል፤ 300 ሰው እያንዳንዱ 5 ኪሎ ቢጨምር ግን 1,500 ኪሎ ይሆናል።

ሻንጣውን በቤት እንመዝነው

ሁለት ሻንጣ የተፈቀደላትን አንዲት ተማሪ እናስብ። ጠቅላላው 46 ኪሎ ነው። ባዶ ሻንጣ ራሱ 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሁለቱ 8። ስለዚህ በእጇ ያለው 46 ሳይሆን 38 ኪሎ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የራሷ ልብስና ጫማ 15 ኪሎ ቢሆን 23 ይቀራል። በርበሬ 4፣ ሽሮ 4፣ ቡና 2፣ በሶ 2፣ ድርቆሽ 2 ኪሎ ሲደረግ ስንቁ 14 ኪሎ ነው። ጋቢ፣ ነጠላና ለሚቀበሏት ዘመዶች የሚሆን ስጦታ 4 ኪሎ ይሁን። የቀረው 5 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሻንጣ ግማሽ ግማሽ ኪሎ መጠባበቂያ ብናስቀር፣ ለዘመድ አዝማድና ለጎረቤት አደራ ሁሉ የሚውለው 4 ኪሎ ብቻ ነው።

መጠባበቂያው ለምን ቢሉ፣ የቤትና የአውሮፕላን ማረፊያ ሚዛን ሁልጊዜ አይስማሙም። በተጨማሪም አሜሪካ ውስጥ የሚመዘነው በፓውንድ ሲሆን ገደቡ 50 ፓውንድ ነው። ልክ 23 ኪሎ የሆነ ሻንጣ እዚያ 50.7 ፓውንድ ያሳያል። 22 ኪሎ ተኩል የሆነው ግን 49.6 ስለሚሆን ያለ ክርክር ያልፋል። ይህ በተለይ እዚያ ከደረሱ በኋላ በሌላ ትኬት ወደ ሌላ ከተማ ለሚበሩ ይጠቅማል። በአንድ ትኬት የተያያዘ ጉዞ በአንድ ደንብ ይሄዳል። ለየብቻ በተገዛ ትኬት ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የራሱን ገደብና የራሱን ክፍያ ይጠይቃል። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ በአብዛኛው መጀመሪያ ባረፈበት ከተማ ሻንጣውን ተቀብሎ ጉምሩክ ካለፈ በኋላ እንደገና እንደሚያስረክብም ማወቅ ደግ ነው።

የሚንጠለጠል የእጅ ሚዛን የሌለው ቤተሰብ የሰውነት ክብደት የሚለካበትን ሚዛን ይጠቀም። አንድ ሰው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዞ ይመዘን። ልዩነቱ የሻንጣው ክብደት ነው። ይህ ሥራ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ቢጠናቀቅ፣ የሚቀነሰው ነገር በጥድፊያ ሳይሆን በምክክር ይቀነሳል።

ምን ይገባል? ምን ይቀራል?

ስንቅ ሲታሰብ የሚሄዱበትን አገር ማወቅ ይበጃል። ዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ እንጀራም በርበሬም የሚሸጡ የአገራችን ሰዎች ሱቆች አሉ። የአገር ሰው በሌለበት ትንሽ ከተማ የሚኖር ግን 4 ኪሎ ሽሮ ትልቅ ነገር ይሆንለታል። ፎጣ፣ ድስትና የመሳሰለው በሄዱበት ይገዛል። የክረምት ካፖርት ክብደት ስላለው ከሻንጣ ይልቅ በትከሻ ይሂድ።

የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀትና መድኃኒት፣ ገንዘብና ጌጣጌጥ ከእጅ ሻንጣ አይለዩ። የስልክ መሙያ ባትሪም ቦታው የእጅ ሻንጣ ነው። እሳት የማስነሣት ባሕርይ ስላለው ለአየር መንገዱ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው። በርበሬና ሽሮ በአንጻሩ በትልቁ ሻንጣ ይሂዱ። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሲገኝ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልተለየም እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል።

ቋንጣ አሜሪካም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አያስገቡም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ የሚገባ ቅቤንና አይብንም ይከለክላል። የቀረው ምግብ ደግሞ በጉምሩክ ቅጽ ላይ በግልጽ ይነገር። የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል። የደበቀ ሰው ግን ይቀጣል፤ በዚያ ላይ ገና በሩን ሲረግጥ በውሸት ስሙ ተመዘገበ ማለት ነው።

ስለ ታሸገው ጥቅል

ከሁሉ የሚከብደው ግን በኪሎ የማይለካው ነው። «ትንሽ ናት፤ ምንም የላትም፤ ለልጄ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰፋ ወይም በፕላስተር የታሸገ ጥቅል ይመጣል። ለመክፈት ማሰብ ሰውየውን መጠራጠር ይመስላል። «እንዴት የአባቴን ወዳጅ ዕቃ እፈትሻለሁ?» ይባላል።

እንግዲህ ልብ እንበል። በአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛው «ሻንጣህን ያሸግኸው ራስህ ነህ? ከሌላ ሰው የተቀበልከው ነገር አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ለወግ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። በሻንጣው ውስጥ ለሚገኘው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ሰው ነው። ለምሳሌ ጫትን እንውሰድ። በእኛ አገር በገበያ የሚሸጥ ስለሆነ ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲላክ ብዙ ሰው ወንጀል መሆኑ አይታየውም። በአሜሪካ ግን በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ጋር የተመደበ ነው። ብሪታኒያ ጫትን በእ.ኤ.አ. 2014 ከልክላለች። በሳዑዲ ዐረቢያም ክልክል ነው፤ እንዲያውም በዚያ አገር አደንዛዥ ዕፅ ማስገባት እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል። «አላውቅም ነበር፤ ሰው ሰጥቶኝ ነው» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም እንኳ በባዕድ አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በምርመራ ክፍል ውስጥ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። የተማሪው ትምህርት፣ የሠራተኛዋ ኮንትራት፣ የሙሽራዋ ትዳር በአንድ ጥቅል ሊበላሽ ይችላል።

አደራ በእኛ ዘንድ ታላቅ ነገር ነው። ታላቅ የሆነውም ተቀባዩ የሚጠየቅበት ስለሆነ ነው። ዑለማዎቻችን አደራን ለመጠበቅ እንደማይችል የሚያውቅ ሰው አለመቀበሉ እንደሚገባው ያስተምራሉ። እንግዲያውስ 4 ኪሎ ቦታ ኖሮት 12 ኪሎ አደራ የሚቀበል ሰው መልካም ሠራ አይባልም፤ ሊወጣው የማይችለውን ቃል ገባ እንጂ። የማያውቀውን ዕቃ የሚቀበልም እንዲሁ ነው፤ ምንነቱን ያላወቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠብቃል?

ስለዚህ ሦስት ነገር በቤታችን ልማድ ቢሆን እንመክራለን። አንደኛ፣ ዕቃው ክፍት ሆኖ ይምጣ፤ ሰጪው ባለበት ታይቶና ተመዝኖ እዚያው ይታሸግ። ሁለተኛ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ በወረቀት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የአደራው ኪሎ ሲሞላ ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ለሚቀጥለው መንገደኛ ይቆይ ወይም በካርጎ ይላክ።

አስቀድመን የምንስማማበት ሌላም ነገር አለ። ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። በሞንትሪያል ስምምነት በሚተዳደር ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለጠፋ፣ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሻንጣ አየር መንገዱ የሚጠየቀው ካሳ ጣሪያ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 «ኤስዲአር» ነው። ይህም ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሆናል። በዚህ ጣሪያ ውስጥ የራሱም የአደራውም ዕቃ ይጠቃለላል። ሻንጣው ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣም እጁ ከገባበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው። በሸሪዓ በኩል አደራ ተቀባይ ያለ ጥፋቱና ያለ ቸልተኝነቱ ለጠፋበት ዕቃ ክፈል አይባልም። ይህን ሁላችንም ብናውቅ፣ ከባሕር ማዶ «የእናቴን ዕቃ በላህ» እየተባባሉ የሚቆራረጡ ዘመዶች ቁጥር በቀነሰ ነበር።

«አይሆንም» የሚለው ማን ነው?

ይህ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ የ19 ዓመት ልጅ ለታላላቆቹ «አይሆንም» ማለት አይችልም። ልንጠይቀውም አይገባም። ይህ የአባት፣ የእናት ወይም የታላቅ ወንድም ሥራ ነው። አባት በለዘበ አንደበት «ለአደራ የያዝንለት አራት ኪሎ ነበር፤ እሱም ሞልቷል። ግማሽ ኪሎ ከሆነ እናብቃቃለን፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ መንገደኛ እንጠብቅልዎ» ቢሉ ማንም አይቀየምም። የተቀየመም ቢኖር ቅያሜው ከልጁ ትከሻ ወርዶ ሊሸከመው በሚችል ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

እኛም ላኪ ስንሆን ራሳችንን እንጠይቅ። ልጃችን እዚያ ሆና በእርግጥ የምትፈልገው 5 ኪሎ በርበሬ ነው ወይስ እንዳልረሳናት ማወቅ? ፍቅራችንን ለመግለጥ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ቅመምና አንድ ነጠላ ይበቃል። ፍቅራችን በኪሎ እንዲታይ ብለን የሌላ እናት ልጅ ጋቢውን ጥሎ እንዲሄድ ማድረግ አግባብ አይደለም።

ለሚመለሰውም እንዘንለት

ሚዛኑ በመመለሻም አለ። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የምትመለሰውን እህት እናስብ። ከመምጣቷ ወር አስቀድሞ በስልክ ዝርዝር ይነገራታል፤ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ የሕፃናት ልብስ፣ የወጥ ቤት ዕቃ። ለዓመታት በሰው ቤት ደክማ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አንድም ለዕቃው ግዥ፣ አንድም ለትርፍ ኪሎ ታወጣዋለች። የትርፍ ኪሎ ክፍያ ከራሱ ከብርድ ልብሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ያ ገንዘብ በእጇ ቢገባ ኖሮ ሥራ መጀመሪያ ይሆናት ነበር። ቤተሰብ አስቀድሞ «አንቺ በደኅና ግቢልን እንጂ ምንም አንፈልግም» ቢላት፣ ይህ ራሱ ስጦታ ነው።

ከሐጅና ከዑምራ የሚመለሱ እናቶቻችንና አባቶቻችንም የዘምዘም ውኃ በሻንጣ ውስጥ እንዳያስገቡ እናስታውሳቸው። ከሳዑዲ በሚነሡ በረራዎች ይህ ክልክል ነው፤ በፍተሻ ሲገኝም ሻንጣው ተከፍቶ ይወጣል። የሚፈቀደው ለብቻው የታሸገው ባለ 5 ሊትር ነው። ብዙ አየር መንገዶች ይህን ለሐጅና ለዑምራ ተጓዥ ከሻንጣው ክብደት ውጭ ይቀበሉታል፤ የራሳችሁ አየር መንገድ እንዴት እንደሚያደርግ ከመነሻው በፊት ጠይቁ።

ውድ አንባቢያን! ትኬቱ ላይ የተጻፈው 23 ኪሎ መጀመሪያ የመንገደኛው ነው። እሱ ተርፎት ከሰጠን እናመስግነው፤ ካልተረፈው ዱዓችንን እንስጠው። ዱዓ ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ትርፍም አያስከፍልም። በያዝነው ወር ልጃችሁን፣ እህት ወንድማችሁን የምትሸኙ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ ይህን ገጽ አብራችሁ አንብቡና ዛሬ ማታ ባዶውን ሻንጣ መዝኑት።

አላህ መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ያድርስልን፣ በሰላምም ይመልስልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም።